ወረፋ የያዘው ጀሪካን

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ጀሪካን ብቻውን ሲሄድ አየን ብትሉኝ እኔም እስቅባችሁ ነበር።

ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በሌሊት አይደለም፣ በሕልሜም አይደለም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው።

ፖሊስ ነኝ። ያኔ በሰው አገር፣ በሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ውስጥ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጥበቃ ክፍል ነበርኩ። የተፈናቃዮች ካምፕ እየዞርኩ ሴት ወይም ሕፃን ላይ በደል ደርሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በዳዩ ታጣቂ ቢሆን፣ ጎረቤት ቢሆን... የራሳችን ሰው ቢሆንም።

ካምፑ ውሃ የሚያገኘው ከእኛ ቦቴ ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በወረፋ ይደረድሩና ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ እያንዳንዷ ብድግ ብላ የራሷን በእግሯ ገፋ ታደርጋለች። ጀሪካኑ ሁሉ ቢጫ ነው። ከወንዙ ማዶ ላለው ካምፕ የታደለው ነጭ ነው፣ እንዳይቀላቀል ተብሎ።

የቦቴው ሹፌር የተልዕኮው ባልደረባ ነው። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። ለልጆች ከረሜላ ስለሚበትን ስሙን ትተን "ከረሜላ" እንለዋለን።

የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

የበተነው ከረሜላ መሬት ላይ ነው። ጉንዳን ወሮታል። አንድም ልጅ አላነሳውም።

ልጅ ከረሜላ ረግጦ ሲያልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?



ከዚያ ወረፋውን አየሁ። መሀል ላይ፣ እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን አለ። የፊተኛዋ መጥታ የራሷን ገፋች። የኋለኛዋም ገፋች። ባለ ሰማያዊውን ማንም አልነካውም።

ግን ክፍተት አልነበረም...

አሸዋው ላይ የተጎተተበት መስመር ብቻ ነበር።

ተራው ደርሶ ቧንቧው ሥር ቆመ። ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ውሃው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ማንም ክዳኑን አይከፍትም። ሴቶቹ ለአንድ ጀሪካን የሚበቃውን ያህል ጠበቁ። ከዚያ ቀጣይዋ የራሷን አስጠጋች።

ዞር ስል ሰማያዊው ጨርቅ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

አስተርጓሚዬ ጠና ያሉ የካምፑ ሴት ናቸው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

"እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

"አትጠይቂ ልጄ።"

"የማን ነው?"

"የልጅቷ።"

"የትኛዋ ልጅ?"

ቀና ሳይሉ በአገጫቸው ወደ ቦቴው አሳዩኝ። "ጋቢና ገብታ ያልወረደችው።"

እናቷ ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። ከእትዬ ጋር አጠገቧ ተንበረከክሁ፣ እሳቸው ያስተረጉማሉ።

"ልጄ አክስቷ ጋ ሄዳለች" አለችኝ፣ ዓይኗን ከቦቴው ሳትነቅል።

"እህቴ፣ ፖሊስ ነኝ። ለእኔ ንገሪኝ።"

እጄን ጨበጠችኝ።  "ውሃ የሚያመጣው እሱ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ውሃው ቢቀርስ? የቀሩትን ልጆች በውሃ ጥም ልግደላቸው?"

ሌሎቹን ብጠይቅ ብጠይቅ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ካምፑ ሁሉ የሚያውቀውን ያልሰማነው እኛ ብቻ ነበርን። አፈርኩ፣ ከዚያም ተናደድኩ።

ሄጄ ሁሉን ስነግራቸው አዛዣችን ከወረቀታቸው ቀና አሉ። "ሰውየው ኮንትራቱን ጨርሶ ነገ ጠዋት ይበራል። ምስክር አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ከእኔ ጋር አውሮፕላኑ ድረስ ይምጡልኝ። ፊት ለፊትዎ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው።"

ያን ሌሊት አላስቀምጥ አላስተኛ አለኝ። ከተሳፈረ የሚያገኘው የለም። ልጅቷም ሬሳዋ እንኳን ሳይገኝ አክስቷ ጋ እንደሄደች ልትቀር ነው።

ጠዋት፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሲሚንቶ ላይ የተጓዦቹ ሻንጣ በወረፋ ተደርድሯል። ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ናቸው። ከረሜላ መሀላቸው ቆሞ ያስቃቸዋል።

"ያቺን ልጅ የት አወረድካት?" አልኩት።

"የቷን ልጅ? እህት ዓለም፣ ፀሐይ መትቶሻል መሰለኝ።" ሁሉም ሳቁ።

የሻንጣ መዛኙ ተጣራ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ። እያንዳንዱ ሄዶ የራሱን ሻንጣ በእግሩ ገፋ አደረገ። ከረሜላም ገፋ አደረገ።

ከኋላው የሆነ ነገር... ጭርር አለ።

ፕላስቲክ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት።

ከሻንጣው ቀጥሎ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ።

እኔ አላመጣሁትም። አዛዡን አየኋቸው፣ እሳቸውም እኔን ያዩኛል።

ከረሜላ አልዞረም። ሻንጣውን እንደገና ገፋ።

ጭርር...

"ይሄስ? ያንተ ነው?" አለ መዛኙ።

"አይደለም" አለ፣ አሁንም ሳይዞር።

መዛኙ አንድ እጁን ሰድዶ ሊያነሳው ሞከረ፣ አቃተው። በሁለት እጁ ሞከረ። "ኧረ ምን ሞልታችሁበት ነው? ድንጋይ ነው እንዴ?"

ያኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ባዶ ነበር" አለ በቀስታ።

"ምን አልክ?" አዛዡ ጠጋ አሉ።

"ባዶ ነበር... ጉድጓዱ ውስጥ አብሬ ስጥለው ባዶ ነበር..."

 አውሮፕላኑ ያለ እሱ ሄደ፣ እሱም በካቴና ሆኖ ወደ አንድ የድሮ ጡብ ፋብሪካ ጓሮ መራን። ጉድጓዱ ውስጥ ያገኘነውን እዚህ አልጽፈውም።

ጀሪካኑን ለእናቷ ወሰድኩላት። ሳነሳው ባዶ ነበር፣ እንደ ላባ ቀለለኝ። ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታችና ክንዷ ላይ አሰረችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ።

ውሃው አልቀረም። በማግስቱ ቦቴው በሰዓቱ መጣ፣ ከአዲስ ሹፌር ጋር። ከወንዙ ማዶ ካለው ካምፕ ነው የተዛወረው። ከረሜላ አልያዘም፣ አይስቅም፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው ነው። ሴቶቹ መነጋገር ጀምረው ነበር። አንዷ እንዲያውም ስቃለች። እፎይ አልኩ።

እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"ምነው?"

"ወደ ኋላ ተመልከቺ።"

ወረፋውን በዓይኔ ተከተልኩት። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ... እስከ መጨረሻው።

መጨረሻው ላይ አንድ ነጭ።

ትንሽ ናት። ልጅ የምትሸከማት ዓይነት።

"እትዬ... የማን ናት?"

"አላውቃትም ልጄ። የእኛ አይደለችም።"

ቀና አልኩ። አዲሱ ሹፌር በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ የጋቢናውን መስኮት ዘጋው።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ተነስተው የየራሳቸውን ገፉ።

ነጯም ተከተለች።