የኤርጎ ጣቶች

ኤርጎ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ማጅራቱ የደረጃውን ድንጋይ ጠርዝ መትቶ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ረግቷል።

«ወድቆ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የኪነት ቡድኑ መሪ ወርቅነህ። «እኔ ውስጠኛው ክፍል ጊታር እየተለማመድኩ ነበር። ጨርሼ ስወጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

መቶ አለቃ ሸዋንግዛው ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ኤርጎ የቡድኑ ተወዛዋዥ ነበር፤ የአሪ ገበሬ ልጅ። መዳፉ ላይ የዶማ እጀታ ያወጣው ጠባሳ አለ። መቶ አለቃውን የገረመው ግን የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ነው፤ እንደ ቀንድ ደድሯል። የቀኙ ግን ለስላሳ ነው። ከኮት ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የጊታር ክር ወጣ። መሐሉ ላይ ተበጥሷል።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ዘፋኟ አስቻለችና ከበሮ መቺው ኃይሌ ተቀምጠዋል። ከወርቅነህ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

«ኤርጎ መቼ ገባ?» ሲል አስቻለችን ጠየቃት።

«ከገበያ እንደተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሶሎው ተሰማ፤ ያ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወተው። እኔማ መርፌዬን አስቀምጬ አዳመጥኩ።»

የትኛው ሶሎ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ያ ካሴት ዘወትር ጠዋት በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ጊታሩ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ ይጀምርና፣ ቀስ እያለ ቀጭኗ ክር ላይ ወጥቶ እዚያው ያለቅሳል። ሸክም የያዘ ሰው እንኳ ቆሞ ያደምጠዋል። ወርቅነህ ኤርጎን ብቻ ይዞ በቀረጸው በዚህ ሶሎ ተሸልሟል፤ ሽልማቱን በእጁ የሰጠውም ራሱ ሸዋንግዛው ነው።

«አንተስ ከዚህ ተነሥተህ ነበር?» አለው ኃይሌን።

«ውሃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ሄጄ ነበር።» ኃይሌ አንገቱን ደፋ። «ጠዋት ከኤርጎ ጋር መጣላታችንን ወርቅነህ እንደነገረዎት አውቃለሁ። በክፉ ቃል ሰድቤዋለሁ። አሁን ያሳፍረኛል። እጄን ግን አላነሣሁበትም።»

መቶ አለቃው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። የቡድኑ ብቸኛ ጊታር ግድግዳ ተደግፏል፤ ክሮቹን ቆጠረና ቀጭኗን አጣት። አጠገቡ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ አለ። ቁልፉን ተጫነ፤ የሶሎው የመጨረሻ ድምፅ ተሰማና ካሴቱ አለቀ።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሽልማቱ ቀን ትዝ አለው። ኤርጎ መድረክ ላይ ወጥቶ እጅጌውን ይዞ «ጌታዬ፣ አንዴ ልናገር» ብሎት ነበር። የሰከረ መስሎት በሕዝብ ፊት ገፍቶ አወረደው። ሕዝቡ ሳቀ። እሱም ሳቀ። አሁን ፊቱ ጋለ፤ ማንም ሳያየው ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ዝቅ አደረገ።

የጊታር ክር ሻጩን ሻንቆን ከገበያ፣ የኤርጎን እኅት ጤናዬን ከቤቷ አስጠራና ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ።

«ሻንቆ፣ ኤርጎ ዛሬ ምን ፈለገ?»

«ይችን የተበጠሰች ክር አሳይቶኝ ‹አቻዋን ስጠኝ› አለኝ። አልነበረኝም። ባዶ እጁን ተመለሰ።»

«እንግዲህ» አለ መቶ አለቃው፣ «ኤርጎ ሲመለስ ጊታሩ ቀጭን ክር አልነበረውም። ሶሎው ግን ያለዚያች ክር አይወጣም። አስቻለች የሰማችው ጊታር ሳይሆን ካሴት ነው። ካሴት የከፈተ ሰው ለምን ‹ስጫወት ነበር› ይላል? ኃይሌ ‹ጊታር ስጫወት ነበር› አላለም፤ ካሴቱ እሱን አይከልለውም። ሙዚቃው የሚከልለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወርቅነህ፣ ግራ እጅህን አሳየኝ።»

ወርቅነህ እጁን ከኪሱ አላወጣም። መቶ አለቃው ራሱ ስቦ ጣቶቹን ዳበሰ። እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ ናቸው።

«የጊታር ክር ሲጫን የኖረ ጣት ይደድራል። ያን ሶሎ የተጫወተው ኤርጎ ነው። ቀረጻው ላይ ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ።»

ወርቅነህ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አርባ ምንጭ ሄደን በሕዝብ ፊት እንድንጫወት ተጠራን» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ከመጋረጃ ጀርባ ሆነህ ተጫወትልኝ አልኩት። ‹ከእንግዲህ በፊት ለፊት ነው› አለኝ። ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም። መተንፈሱን እንዳቆመ ሳይ ካሴቱን ከፈትኩት።»

አስቻለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የኤርጎን ጣቶች አይቻቸው ነበር» አለች። «‹ምን ሆነህ ነው?› ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

ወርቅነህን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። መቶ አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጤናዬ ቀረበ።

«እኔም ገፍቼዋለሁ» አላት። «የሽልማቱ ቀን። ሊነግረኝ ነበር የወጣው። አላደመጥኩትም።»

«አውቃለሁ» አለች ጤናዬ። «ማታውን ነግሮኛል። ‹መኮንኑ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም› አለኝ። እሱ አልተቀየመዎትም።»

ሸዋንግዛው በረጅሙ ተነፈሰ።

«እኔ ግን ተቀይሜያለሁ» አለችውና የወንድሟን ዓይን ልትከድን ተንበረከከች።