የእትዬ ቆይ ተራራ

መሐንዲሷ ገና እግሯን ፈፋው ውስጥ ስትነክር ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደባቸው።

«ልጄ፣ ነገ ብንመለስስ?» አለ ቀያሹ ከኋላዋ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

«ነገማ ወንድሜ ተራራውን ከእግሩ ቆርጦ ይጨርሰዋል። ጋሼ፣ ይምጡ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ መንገድ በተራራው ግርጌ ይዞራል፤ ለመዞር ደግሞ የተራራው እግር መቆረጥ አለበት። የሠራተኛው ድንኳን ሁሉ እዚያው ሥር ነው። እግሩን የሚቆርጠውን ዶዘር የሚነዳው ደግሞ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። ባለፈው ወር ተራራው አናት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አግኝታ፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክላለች። በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፍቶ ከተገኘ ተራራው እየሄደ ነው። ካልሰፋ እሷ ፈሪ ናት። የተቋራጩ መሐንዲስ ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ ቁርጡን ነግሯታል፤ «እስከ ምሳ ሰዓት ቁጥር አምጪ። ስጋት አልፈልግም፣ ስጋትማ እኔም አለኝ።»

ፈሪ መባሉን ለምዳዋለች። ተመርቃ ስትወጣ ላቦራቶሪ አስገቧት፤ አፈር ስታደርቅ፣ አፈር ስትነፋ፣ አፈር ስትመዝን ዓመታት ነጎዱ። አብረዋት የተማሩት አለቃ ሲሆኑ እሷ ገና «ቆይ፣ አንድ ጉድጓድ እንጨምር»፣ «ቆይ፣ ይድረቅና እንየው» ትል ነበር። በስንት ልመና ሳይት ስትወጣ ስሟ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት፤ እትዬ ቆይ። እናቷማ አሁንም በስልክ «አፈር ለማየት ነው እንዴ ያን ሁሉ የተማርሽው?» ትላታለች።

ወደ አናቱ የሚያወጣው ይኼው ፈፋ ብቻ ነው። ጎርፉ ጉልበቷን አልፎ ወገቧ ደረሰ። የረገጠችው ድንጋይ ተንከባለለና በአፍጢሟ ተደፋች፤ ቀያሹ በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትቶ አወጣት። ከካምፑ ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ግን ውሃ ጠጥቷል።

«ሞተ?»

«ጠግቦ ሞተ» አለ ቀያሹ እየገለበጠ ሲያንጠፈጥፈው።

ከፈፋው በላይ ዳገት ነው። ጭቃው አንድ እርምጃ ሲወጡ ግማሹን ይመልሳቸዋል። ቁጥቋጦ እየጨበጡ፣ አንዳንዴም እየዳኹ ወጡ። ጉሙ ወርዶ ቀያሹን ከዓይኗ ሰወረው። ከታች የዶዘሩ ጉርምርምታ ይሰማታል፤ በየጉርምርምታው ይኸው አሁንም ቆረጠ፣ ይኸው ደገመ ትላለች። ምነው እናንተ፣ ምናለ ዛሬን እንኳ ቢሰንፍ!

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ገለጥ አለ። ፊት ለፊታቸው የዝንጀሮ መንጋ ተቀምጧል። አንዷ እናት ዝንጀሮ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል እንደ ሸንኮራ ታኝካለች። የቀሩትም ችካሎች ተነቃቅለው ግማሾቹ ገደል ገብተዋል።

«ኧረ ጉድ! ችካላችንን!» ቀያሹ ድንጋይ አነሳ።

«ጋሼ፣ ይተዉ! እንዳይወረውሩ!»

ወረወረ። አውራው ጎፈሩን አቁሞ፣ ጥርሱን አግጥጦ መጣበት። ቀያሹ ሲሸሽ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ዝንጀሮው ሱሪውን ለቀም አደረገው። መሐንዲሷ ሄልሜቷን አውልቃ በመዶሻ እየቀጠቀጠች፣ እየጮኸች ተንደረደረችበት። እንዲያ መጮህ እንደምትችል እሷም አታውቅም ነበር። አውራው የሱሪውን ቁራጭ ይዞ ወደ ጫካው ገባ፤ መንጋውም ተከተለው።

ችካሎቹ የነበሩበት ጉድጓድ እንኳ በዝናቡ ተደፍኗል። ስንጥቁም በጭቃ ተሞልቶ ዳርና ዳሩ አይለይም።

«እንግዲህ ስንት ነው ብለን እንናገር?» አለ ቀያሹ፣ ጭኑን በእጁ ሸፍኖ።

እሷ ቁጥር ሳትይዝ አፏን ከፍታ አታውቅም። ተንበርክካ ሣሩን ገለጠች። ስንጥቁን ተሻግሮ የሄደ የዛፍ ሥር አየች። ሥር መሬት ውስጥ ዘና ብሎ ነው የሚኖረው፤ ይኼኛው ግን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። ጣቷን አሳረፈችበት። ይንቀጠቀጣል። እጇን ከማንሳቷ ሥሩ ጧ! ብሎ ተበጠሰ፤ ጭቃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

«ጋሼ፣ ይሩጡ!»

በዳገቱ ቁልቁል ግማሹን ሮጠች፣ ግማሹን በቂጧ ተንሸራተተች። ክርኗ ተላጠ። አንድ ጫማዋን ጭቃ ዋጠው፤ ዞራም አላየችው። ፈፋውን በደመ ነፍስ ተሻግራ ካምፑ መሃል ደረሰች።

«ውጡ! ሁላችሁም ወደ አሮጌው መንገድ ማዶ ውጡ!»

አናጢዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ምግብ አብሳይዋ ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት፤ በአንድ ጫማ፣ ጭቃ በጭቃ፣ ክርኗ እየደማ።

«እትዬ ቆይ ዛሬ ቆይ አላለችም» አለችና ጭልፋዋን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆማል! ካምፑ በሙሉ ተከተላት።

ዶዘሩ ግን አልሰማም። ሮጣ ከፊቱ ተገተረች። ወንድሟ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«አብደሻል እንዴ? ቆይ፣ ይቺን አንዷን ልግፋና…»

«አፈር ስሆንልህ! ወንድሜ፣ አፈር ስሆን ውረድ!»

ለምናው አታውቅም፤ ቁጣዋን ነው የሚያውቀው። ፊቷን ትኩር ብሎ አየና ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ወረደ።

መንገዱ ማዶ ሲደርሱ የተቋራጩ መሐንዲስ በፒክአፕ መጣ።

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩን ዝንጀሮ በላው።»

ከሰዉ መሃል የአንዱ ሳቅ አመለጠ።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«አልቀለድኩም። ችካሎቹ የሉም። ግን ተራራው እየሄደ ነው፤ በላዩ ያለው ሥር ተወጥሮ ሲበጠስ አይቻለሁ።»

«ሥር!» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ግቡ ወደ ሥራችሁ! አንቺ ደግሞ የሙያ ፈቃድሽን ተሰናበቺው።»

ይባስ ብሎ ዝናቡ አባራ። ፀሐይ ወጣች፤ ተራራው ምንም እንዳልሰማ ዝም ብሏል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁለት አናጢዎች ወደ ድንኳናቸው መራመድ ጀመሩ። ጨነቃት። ተራራው ቢወርድ ጭንቅ፣ ባይወርድ ጭንቅ። እናቷ ያሏት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እዚህ ናቸው።

«አንተ! ቢያንስ ማሽኑን አውጣልኝ!» አለ መሐንዲሱ።

ወንድሟ ዶዘሩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ።

«ቁልፉ እህቴ ጋ ነው።»

«ስጪኝ!»

«አልሰጥዎትም!» ጮኸች። ሮጣ አናጢዎቹን ቀደመቻቸውና እጆቿን ዘርግታ ቆመች። «ማለፍ የፈለገ እኔን ረግጦ ይለፍ!»

አናጢዎቹ ቆሙ። ያን ጊዜ ከጀርባዋ ጡጫ የማታህል ድንጋይ ተንከባለለች። ሌላ ተከተለቻት። ከላይ ያሉት ዛፎች ሁሉ በአንድ ላይ ዘንበል አሉ። ወንድሟ በወገቧ አፈፍ አድርጎ ይዟት ሮጠ፤ አናጢዎቹም ሮጡ፤ ተራራውም ወረደ። ዶዘሩ ተገለበጠ፤ ጭስ ማውጫው ለአፍታ ታየና ጠፋ። ድንኳኖቹ ተዋጡ። ጭቃው የመንገዱ ጠርዝ ላይ መጥቶ ቆመ።

የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ስም ጠራ። ሁሉም «አለሁ» አለ። የቀያሹ ስም ሲጠራ ግን መልስ ጠፋ። ደገመው። መሐንዲሷ ወደ ፈፋው ዞረች፤ ትታው ነበር የሮጠችው።

«አለሁ፣ አለሁ!» አለ ድምፅ ከፈፋው በኩል። «ሱሪ ነው የሌለኝ!»

የሰዉ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። የተቋራጩ መሐንዲስ አልሳቀም። ፒክአፑን ተደግፎ ዶዘሩ የነበረበትን ቦታ ሲያይ ቆየና ወደ እሷ መጣ።

«ድንኳን… እዚያ ሜዳው ላይ ብንተክልስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ቆይ፣ ልየው።»

ማንም አልሳቀባትም። አንድ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ሜዳው ሄደች፤ ወንድሟ መዶሻዋን ይዞላት ተከተለ።

«ማታ እማዬ ደውላ ምን ሠራሽ ብትልሽስ?» አላት።

የዶዘሩ ቁልፍ አሁንም ጭብጧ ውስጥ ነው።

«አፈር ሳይ ዋልኩ እላታለሁ» አለችና ክንዱን ይዛ አለቀሰች።