የቦኖቦው ፎቶ

«ያሳተምሽው አንቺ ነሽ አይደል? በቃ፣ የአንቺ ስም ይጻፍ» አለች እድላዊት።

«ያሳተምኩት የላክሽልኝን ነው» አለች ሳሚያ።

«አትፎግሪና።»

ሦስቱ ልጆች ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእነእድላዊት ብሎክ ደረጃ ላይ ፖስተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ርዕሱ «የቦኖቦና የቺምፓንዚ ልዩነት» ይላል፤ የተለጠፉት ፎቶዎች ግን ሁለቱም የቺምፓንዚ ናቸው። ቺምፓንዚን የሚመስለው የቦኖቦ የራስ ፀጉር መሃል ለመሃል የተከፈለ፣ ከንፈሩም ቀላ ያለ መሆኑ እዚያው ፖስተሩ ላይ ተጽፏል። የባዮሎጂው መምህር ገረሱ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፎቶው ነገ ተስተካክሎ እንዲመጣ፣ ያን ፎቶ የመረጠችው ልጅ ስምም በወረቀት ተጽፎ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ለፖስተሩ የሚሰጠውን ሃያ ማርክ የምታጣው እሷ ብቻ ናት።

መቅዲ ማን እንደመረጠው ታውቃለች። ቅዳሜ ከእድላዊት ጋር እነእድላዊት ቤት ሶፋ ላይ ተጋድመው ስልክ ሲነካኩ፣ «ጦጣ ሁሉ ያው ነው፣ ይሄንን ላኪላት» ያለችው ራሷ መቅዲ ነበረች። እድላዊት በቴሌግራም ላከችው። ማሳተሙ የሳሚያ ድርሻ ነበር፤ አጎቷ አብነት ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አለው።

ሳሚያ መልእክቱን ልታሳያቸው ስልኳን ከፈተች። የለም። እድላዊት ከራሷም ከሳሚያም ስልክ አጥፍታዋለች። ሳሚያ ስክሪኑን ደጋግማ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተችና ፊቷን ወደ መቅዲ አዞረች።

«መቅዲዬ፣ ስትልክልኝ አብረሻት አልነበርሽም?»

መቅዲ ዓይኗን ወደ ፖስተሩ መለሰች። «ቺምፓንዚዎች የሌላ መንጋ አባል ብቻውን ሲያገኙ ተባብረው ያጠቁታል። ቦኖቦዎች ለእንግዳ ምግብ ያካፍላሉ» ይላል፣ መስመሩ እንዳይዛባ በማስመሪያ እየለካች የጻፈችው የራሷ የእጅ ጽሑፍ። እድላዊት እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ላይ ታንኳኳለች።

«አላስታውስም» አለች መቅዲ።

ሳሚያ ስልኳን አስቀመጠች። ወደዚህ ስትመጣ አጎቷ ዘንድ ያሳተመችውን የቦኖቦ ፎቶ ከቦርሳዋ አወጣች። አሮጌውን ልጣ አዲሱን በቦታው ለጠፈችና አራቱንም ጠርዝ በአውራ ጣቷ ተጫነች።

እድላዊት ለመቅዲ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለቻት። «የአንቺ ጽሑፍ ያምራል» አለቻት።

መቅዲ ተቀበለች። የመጀመሪያውን ፊደል፣ «ሳ»ን ጽፋ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ፣ ደረጃውን የሚወርድ የሳሚያን ጫማ ድምፅ ሰማች። ቀና ሳትል ሦስተኛውን ጻፈች። እድላዊት ሙጫው ቶሎ እንዲደርቅ ፎቶውን እፍ እፍ ትላለች።