የጎልማሶች መደርደሪያ

ሰውዬው ገባ።

ነጅላ ቀና አላለችም። መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ወለሉ ላይ አሳረፈች። ከአደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ሥር አጎንብሳ የምታየው ጫማውን ብቻ ነው። ቡናማ ነው፤ ተረከዙ ተበልቷል። ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ማክሰኞ።

ጫማው የሕግ መጻሕፍትን አለፈ። የእርሻዎቹንም አለፈ። ሰባተኛው መደርደሪያ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

ሰባተኛው የጎልማሶች ነው። ፊደል ለሚቆጥሩ አዛውንቶች የታተሙ መማሪያዎች፣ የስፌት መመሪያ፣ ስለ ወባና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚያስረዱ ቀጫጭን መጻሕፍት፣ ለዓሣ አጥማጆች የተዘጋጀ የሒሳብ መልመጃ ተደርድሮበታል። ከሥሩ በካርቶን የታሸጉ ደብዳቤዎች አሉ። ሃምሳ ስልሳ ዓመት ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕር የጨበጡ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ አንድም ወደዚያ የሚሄድ የለም።

ሰውዬው «ንብ ርባታ ለጀማሪዎች» የሚለውን ሳበ፣ ገለጠ፣ መለሰ። ወጣ።

ደቂቃም አልሞላው።

መጽሐፉ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ነጅላ ጠዋት ስትወለውል አይታዋለች። በታይፕ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። «ፈይሰል። ሐሙስ። የላይኛው መንገድ።» አንብባ እንደነበረ አስቀምጣዋለች።

ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ግን ነጅላ የምትባል የለችም። እነሱ የሚያውቋት ከላሕጅ የመጣች፣ ዘህራ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ናት። መሃይም። ስሟን በአውራ ጣት የምትፈርም። የላካት የደኅንነት ቢሮ ያወጣላት የምስጢር ስም ደግሞ «ጨው» ነበር። ከመሃይም ወረቀት የሚደብቅ የለም፤ ለዚህ ነው የመረጧት።

---

የዓሣ ገበያው ጩኸት ምስጢር ለመነጋገር ይመቻል። አቡ ሱሄይል አንድ ትልቅ ቱና ፊት ቆሞ የዓሣውን የጉንጭ ሽፋን በጣቱ ገለጥ ያደርጋል። ነጅላን ለዚህ ሥራ መልምሎ ያሠለጠናት፣ የቤተ መጻሕፍቱንም ቁልፍ የሰጣት እሱ ነው። ከሱ ሌላ የቢሮውን ሰው አታውቅም።

«ትኩስ ነው?» አለች።

«የዛሬ ነው። ምን አለ?»

«ፈይሰል። ሐሙስ። በላይኛው መንገድ።»

«ማን አስቀመጠው?»

«አላየሁም። የሚወስደውን ብቻ ነው የማየው።»

«አሮጊቷ ናት እንጂ ማን ይሆናል! ሳጥኑን የምታሰናዳው እሷ፤ ማን የት እንደሚሄድ የምታውቀው እሷ።» ዓሣውን በመዳፉ መታ አደረገው። «ሰዎቻችን ከመኪናው ኋላ ይሆናሉ፤ አትስጊ። አንቺ ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ ንገሪኝ። ሁሉንም።»

አሮጊቷ ያላት መምህርቷን፣ ኡስታዛ ራዲያን ነው። የጎልማሶች ክፍል ኃላፊ ናት። ከየመጽሐፉ መርጣ በሳጥን ታሽጋለች፤ ወጣት መምህራን ሳጥኑን ጭነው ተራራ ላይ ወዳሉ መንደሮች ይወጣሉ። ከሁለት ወር በፊት ሙራድ የሚባል መምህር መንገድ ላይ ሽፍቶች ጠብቀው ገደሉት። መንገዱንም ቀኑንም ያውቁ ነበር። አንድ ሰው ከውስጥ ነግሯቸዋል።

ሐሙስ ጠዋት ፈይሰል ሳጥኑን ሊጭን መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው።

«ዘህራ፣ እስቲ ‹ባ›ን አሳዪኝ» አለ፣ መማሪያውን ገልጦ።

ሆን ብላ በነጥብ ብቻ የምትለየው የዐረብኛ ‹ታ› ላይ ጣቷን አኖረች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነጥቡ ብቻ ነው የተሳሳትሽው! ኡስታዛ፣ ተማሪዎ ለትዳር እንጂ ለፊደል አልተፈጠረችም!»

«አንተስ ለየቱ ተፈጠርክ? ሠላሳ ሞላህ፣ ሁለቱም አልሆነልህም» አለችው ራዲያ። «ሂድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ።»

እየሳቀ ወጣ። ነጅላ መኪናው በሩን አልፎ እስኪሰወር መስኮቱን ስትወለውል ቆየች። ከኋላው የሚከተል ሌላ መኪና ለማየት ዓይኗን ወዲያ ወዲህ አደረገች።

አልነበረም።

ቅዳሜ አስከሬኑ መጣ።

«ሰዎቻችን ዘገዩ» አለ አቡ ሱሄይል፣ ዓሣ ገበያው ውስጥ። ዓይኗን አላየም። «መኪናቸው ተበላሽቶ ነው። አላህ ይማረው። አሮጊቷ ምን ትላለች?»

---

ራዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን ስትፈታ፣ ካርቶን ስታስር ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ምሳዋን ከፈተች። ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ እንደ ልማዷ ለሁለት ከፈለችው።

«ብይ እንጂ። ወዝሽ አልቋል።»

«አልራበኝም፣ ኡስታዛ።»

«እኔስ ርቦኝ መሰለሽ? ብይ።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ፈይሰል ያስተምርበት በነበረው መንደር ሠላሳ አንድ ሴቶች ፈተና እየጠበቁ ነው። ሰሌዳው ላይ እሑድ በላይኛው መንገድ መኪና ይወጣል ብዬ ለጥፌአለሁ። ውሸቴን ነው። ሰኞ በታችኛው እወጣለሁ፤ ራሴ። ለሹፌሩም ገና አልነገርኩ።»

«ለምን ይሄዳሉ? ይገድሉዎታል!»

«ሴቶቹን ማን ይፈትናቸዋል ታዲያ? አንቺ?»

ሳቀች። ከፈይሰል ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ነጅላ በማግሥቱ ይህንኑ ለአቡ ሱሄይል ነገረችው። ሁሉንም ንገሪኝ ብሏታልና። ጥበቃ ይልክላታል ብላም ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የንቡን መጽሐፍ ገለጠች።

«አሮጊቷ ራሷ። ሰኞ። የታችኛው መንገድ።»

ባልዲው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ራዲያ ይህን አትጽፈውም። የገዛ ሞቷን ቀን በታይፕ መትታ ለገዳዮቿ አታስቀምጥም። ሰኞ መሆኑን የሚያውቁት ራዲያና ነጅላ ብቻ ናቸው። ነጅላ ደግሞ የነገረችው ለአንድ ሰው ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ያለው ሰው።

ያኔ ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣባት። ሙራድ ማክሰኞ እንደሚሄድ ለአቡ ሱሄይል ያወራችው እሷ ናት። የፈይሰልንም እንዲሁ፤ ወረቀቱን ከማየቷ አምስት ቀን በፊት፣ እግረ መንገዷን። አሮጊቷን እየሰለለች መስሏት ነበር። መምህራኑን አንድ በአንድ ስትጠቁም ነው የከረመችው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ራዲያ ክፍል ገባች። በሩን ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንድነው?» አለች ራዲያ።

ነጅላ አነበበችላት። ጮክ ብላ፣ ሳትንተባተብ።

ራዲያ መነጽሯን አወለቀች። አልደነገጠችም።

«ማንበብ እንደምትችይ ሁለት ወር አልፎኛል ካወቅሁ» አለች። «የማያነብ ሰው ዓይኑ ፊደሉ ላይ ይቆማል። ያንቺ ይሮጣል። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር ያየሁት ይሄንኑ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

«አንቺን ባባርር ሌላ ይልኩብኛል፤ እሱ ደግሞ ወለል አይወለውል ይሆናል።» ወረቀቱን አነሳች። «የሰኞውን ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት። ልፈትንሽ። እና ወደቅሽ፣ ልጄ።»

«አቡ ሱሄይል ለሚባለው አለቃዬ ነው የነገርኩት። የፈይሰልንም፣ የሙራድንም…»

አልጨረሰችውም። ራዲያ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። ውጭ ቁራዎች ይጮኻሉ።

«ይህን የሚወስደው ሰው ስንት ሰዓት ይመጣል?»

«አራት።»

«እንግዲያው ልቅሶውን ተይውና ወረቀቱን መልሺው። ሰኞን ይጠብቁ።»

---

የታችኛውን መንገድ ኬላ የሚያዝዘው ሻምበል ዐውለቂ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ተራ ወታደር ሳለ ፊደል የቆጠረው ራዲያ ዘንድ ነው። የማንንም ቃል አያምንም፤ የእሷን እጅ ጽሑፍ ግን ያውቃል። ነጅላ የራዲያን ደብዳቤ ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ጥቁር ተከናንባ፣ እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደች።

ሻምበሉ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

«አሥራ ሁለት ወታደር በመኪናዋ ሸራ ሥር እጭናለሁ» አለ። «እሷ ግን ትቅር በያት።»

«ብያታለሁ። ከከተማው መውጫ ላይ የሚያይ ሰው ይኖራቸዋል ትላለች። አሮጊቷን ፊት ወንበር ላይ ካላዩ ከጉድጓዳቸው አይወጡም ትላለች።»

ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እንዲህ ናት። ፊደል ስታስቆጥረኝም አንድ ቀን ‹በቃህ› ብላኝ አታውቅም።»

ሰኞ ራዲያ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች። ነጅላ አልሸኘቻትም። ወለል መወልወል ነበረባት።

ሦስት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። ከኋላቸው አቡ ሱሄይል።

«ፍተሻ ነው» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «የጎልማሶች ክፍል ኃላፊ ከሽፍቶች ጋር ስትሠራ ተደርሶባታል።»

በሬሳ ላይ ሊያላክክ ነው የመጣው። አሁን ሞታለች ብሎ ያምናል።

ሰዎቹ ሰባተኛውን መደርደሪያ ገለበጡት። መማሪያዎቹን፣ መልመጃዎቹን፣ የደብዳቤ ካርቶኖቹን በመስኮት ወደ ግቢው ወረወሯቸው። አንደኛው ካርቶን ሲፈነዳ ሰማች። ፍየሎች ተጠራሩ። የዚያ ሰፈር ፍየል ወረቀት ይበላል፤ ሃያ ስምንት ዓመት የተጠራቀመ ደብዳቤ ፊታቸው ተበትኗል። ነጅላ መወልወያውን ጨብጣ ቆመች። መስኮቱ ሥር አንዱ ፍየል ቀስ ብሎ ያላምጣል።

«አንቺ!» አለ አቡ ሱሄይል። ሰው ፊት አያውቃትም። «ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ ዕድል ነው ያለሽ። የሚያነቡት ናቸው ያስቸገሩን።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ባልዲዋን አነሳች።

አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል። አቡ ሱሄይል ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አምስት ሊሆን ሲል ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ተሰማ።

የራዲያ መኪና ነው።

የፊት መስታወቱ የለም።

ሻምበል ዐውለቂ ዘሎ ወረደ። ሸሚዙ እስከ ወገቡ በደም ርሷል፤ የሱ ደም ግን አይደለም። ከኋላው ወታደሮች አንድ ሰው እየጎተቱ አወረዱ። ነጅላ በመስኮት አየች። ቡናማ ጫማ።

አቡ ሱሄይልም አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ኋላ በር ዞረ፤ ነጅላ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ጊዜ ገባው።

«አንቺ ነሽ።»

«አይለፉ ጌታዬ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» አለች።

አላለፈም። ወታደሮቹ ደረሱ።

---

ራዲያን የገደለቻት የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። ሻምበሉ ለነጅላ ኮሪደር ላይ ነገራት፤ ግድግዳውን እያየ። «ሽጉጤን ሳላወጣ» አለ። «ሁሉንም ያዝናቸው፤ ሰባቱንም። ግን ሽጉጤን ሳላወጣ።» እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነጅላ ልታለቅስ አልቻለችም። ጽዳት ሠራተኛ ለኃላፊዋ ምን ያህል ብታለቅስ እንደሚፈቀድላት ማሰብ ጀመረች፤ ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላች።

ከአቡ ሱሄይል በላይ ያለው ሰው በሳምንቱ አስጠራት። ስሙን አልነገራትም። አቡ ሱሄይል በመምህራኑ ግድያ ተራራው ሲታመስ የበላዮቹ እንዲወድቁ፣ ወንበሩም ለእሱና ለወገኖቹ እንዲሆን ይጠብቅ እንደነበር ነገራት። ሥራዋን አመሰገነ። ዘገባዋን ሲያገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው? ‹ሙራድና ፈይሰል የሞቱት በእኔ ዘገባ ነው›?»

«እውነት ነው።»

«እውነት መሆኑን አልጠየቅሁሽም።» ገጹን ቀደደ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ዘህራ ወደ ላሕጅ ተመልሳለች። አንቺ ሙከላ ትሄጃለሽ። አዲሱን ስምሽን እዚያ ይሰጡሻል።»

የሙከላው አውቶቡስ ሐሙስ ይነሳል። እሷ ረቡዕ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ማንንም አላስፈቀደችም።

የፈይሰል አባት ቤት ልጁ ከተወለደበት መንደር ጫፍ ነው። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ የተቀደደ መረብ ሲጠግን አገኘችው፤ የዶሮዎች ማገጃ ነው። ሰላምታ ሰጠች። የምትለውን መኪናው ውስጥ ሆና አሥር ጊዜ አሰናድታዋለች። እኔ ነኝ ያስገደልኩት። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።

«ፈይሰልን አውቀው ነበር» አለች።

ሽማግሌው መረቡን ጣለ። ተነሳ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ያስተማራት ናት!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። «እናንተ፣ ኑ ውጡ! ልጄ ያስተማራት ናት፣ ከአደን ድረስ መጣች!»

ሴቶቹ ወጡ። እናትየው የነጅላን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወተት መጣ፣ ትኩስ ዳቦ መጣ።

«ጎበዝ አስተማሪ ነበር አይደል?» አለ አባትየው።

«ጎበዝ ነበር።»

«ቀልድ ያበዛ ነበር፤ እዚያም እንደዛው ነበር?»

«እንደዛው ነበር። እኔን ለትዳር እንጂ ለፊደል አልተፈጠርሽም ብሎኛል።»

ሳቁ። እናትየው እየሳቀች አለቀሰች። ነጅላ አፏን ከፈተች፤ ያሰናዳችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አባትየው ዳቦ ቆርሶ አቀበላት።

ተቀበለች። በላች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እስከ መኪናው ሸኟት። ተመልሰሽ ነይ አሏት፤ እሺ አለች። መኪናው ውስጥ ጥቁር የተከናነቡ አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ገብታ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ሊሰናበታት እጁን ቢያነሳም፣ ከስድስቱ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለም። ለሁሉም አወዛወዘ።