ሦስተኛው ፍራሽ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በማትሱያማ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሦስት ፍራሾች ለፀሐይ ተሰጥተዋል። በቤቱ የሚተኙት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ማስታወቂያው በወረቀት አልተለጠፈም። ግን እትዬ ኩዋባራ ከጎን በረንዳ አንገታቸውን አስግገው ቆጥረዋልና ታውጇል ማለት ነው። እሳቸው የተሰጣ ፍራሽ አይተው ማን ቤት እንግዳ እንዳደረ፣ ማን ከባሏ እንደተጣላች ይናገራሉ።

«ፉሚካ፣ እናትሽ ተመለሰች እንዴ?»

«አይ፣ እትዬ።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ፉሚካ ወደ ውስጥ ዞረች። «አባዬ! ማን አውጣው አለህ?»

አባቷ ካልሲውን እየፈለገ ነበር። «ጠርዙ ሻግቷል እኮ! ፍራሽ አምስት ወር ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይታፈናል? ማን ነው ያሳደገሽ?» አለና፣ የጠየቀውን ራሱ ሲሰማው ወደ ካልሲ ፍለጋው አጎነበሰ።

እናቷ ሚያዝያ ላይ አንድ ሻንጣ ይዛ ሄዳለች። ፍራሿን አልወሰደችም። ፉሚካ ጠዋት ጠዋት የራሷንና የአባቷን ፍራሽ ከሰሌኑ ላይ ታነሳለች፣ ታሰጣለች፣ አቧራውን ታራግፋለች። የእናቷን ግን ፀሐይ አላስነካችውም። ፀሐይ ጠረን ትወስዳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አባቷ ሳይመጣ፣ የቁም ሳጥኑን በር አንሸራታ ፊቷን እጥፋቱ መሀል ትቀብራለች። ባዶ ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ያ ፍራሽ ብቻ ነው።

ያለቻት አንዲት ጓደኛ ናጊ ረቡዕ ዕለት፣ «ቅዳሜ እነማዬ ለሠርግ ኮቺ ከተማ ይሄዳሉ፤ እናንተ ጋ ልደር?» ስትላት፣ «ትርፍ ፍራሽ የለንም» ያለችውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በረንዳው ወጥታ አፍንጫዋን የእናቷ ፍራሽ ላይ ለጠፈች። የሞቀ ጥጥ ሸተታት። ሌላ ምንም።

ከታች የብስክሌት ደወል ጮኸ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ናጊ ነበረች፤ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች። «ትርፍ የለንም ነበር ያልሽኝ? ፎገርሽኝ አይደል! አልፈልግሽም ብትዪኝ ይሻል ነበር።»

«ናጊ፣ እሱ እኮ…»

«ተዪው ባክሽ። አክስቴ ጋ አድራለሁ። ሰኞ ምሳሽን ብቻሽን ብዪ።»

እትዬ ኩዋባራ የደረቀች ካልሲ እንደገና ማስጣት ጀመሩ።

ፉሚካ የአቧራ መምቻውን አነሳች። መጀመሪያ የእናቷን ፍራሽ ዳበስ አደረገችው። ከዚያ መታችው፤ ደገመችው። አቧራው ብድግ ብሎ በሐዲዱ በኩል ሄደ። የሻገተውን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋ ፍራሹን ወደ ፀሐይ ገለበጠችው።

«ናጊ!»

ብስክሌቷ መታጠፊያው ላይ ቆመች።

«ማታ ነይ። ይሄኛው ላይ ትተኛለሽ።»

«የማን ነው? ለምንስ ዋሸሽኝ?»

እትዬ ኩዋባራ መተንፈስ አቆሙ።

«አልነግርሽም» አለች ፉሚካ። «ግን ነይ።»