ዱቫን የሚያየው ፊት

ሙዚቃው ድንገት ሲቋረጥ ሕፃናቱ ሁሉ ባሉበት መቆም ነበረባቸው። አንዷ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፣ ሌላው ወደ በሩ ሮጠ። ዱቫን ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ የእህቱን የዩራኒን ፊት አየ። እሷ ጉንጯን ነፋች፤ እሱም ነፋ። ሙዚቃው ሲቀጥል ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።

«ልጁስ ጎበዝ ነው» አለች አስተማሪዋ ኦማይራ። «አንቺ ግን ወገብሽ እንደ መጥረጊያ እንጨት ደርቋል። እውነት የዳንሰኞቹ ከተማ፣ የካሊ ልጅ ነሽ?»

እናቶቹ ሳቁ። ዩራኒም ሳቀች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሲሎኤ በተባለው የከተማዋ ኮረብታ ላይ ባለችው በዚህች አዳራሽ ውስጥ፣ እናት ሳትሆን ሕፃን ይዛ የምትደንሰው እሷ ብቻ ናት።

ሲጨርሱ ዩራኒ የዱቫንን ጫማ ስታስር ኦማይራ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሁለት ዓመት ተኩል ሞላው አይደል? እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም?»

«አልወጣውም ቲቸር።»

«እናትሽስ? ዛሬም ሥራ ናት?»

«አዎ። ቅዳሜ ዕረፍት አይሰጧትም።»

ይህን ስትዋሽ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። እናቷ ኔልሲ ሥራ ካቆመች ወራት አልፈዋል። አባታቸው ለእንጀራ ብሎ ቺሊ ሄዶ መደወል ከተወ ወዲህ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነው የምትውለው።

«እዚህ የምንደንሰው ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለች ኦማይራ። «ሕፃን ፊት አይቶ ነው የሚማረው። ስትስቂ ይስቃል፣ ስትቆሚ ይቆማል፣ ተራ መጠበቅ ይለምዳል። አፉም የሚፈታው ከዚያ ነው። ግን እዚህ የሚቆየው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ የማንን ፊት ያያል?»

ዩራኒ ማሰሪያውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ዱቫን የሚያየው የእናቱን ጀርባ ነው። ጠዋት ጀርባ፣ ከሰዓት በኋላም ጀርባ።

«እናቴ ሥራ የላትም» አለች ቀና ሳትል። «ከአልጋ አትነሳም።»

ኦማይራ አልተቆጣቻትም። «ይዘሻት ነይ። ባትደንስም ትቀመጥ። ጤና ጣቢያ የማውቃት ሴት አለች፣ እሷንም እናናግርላታለን። መጀመሪያ ግን ከዚያ አልጋ ትውረድ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዩራኒ ዱቫንን አለባብሳ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ዛሬ የምትወስጂው አንቺ ነሽ።»

«ተይኝ በናትሽ። አንቺ ትችይበታለሽ። ደግሞ እሱ የሚፈልገው አንቺን ነው።»

እውነቷን ነበር። ዩራኒም ይህን እውነት ትወደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ደስ የሚላት ነገር ቢኖር፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እሷን ብቻ የሚፈልጉት ሁለት ዓይኖች ነበሩ።

«እኔ አልገባም» አለች። «ወይ አንቺ ትገቢያለሽ፣ ወይ ቤት ይቀራል።»

ኔልሲ ብዙ ቆይታ ተነሳች። ያልተበጠረ ፀጉሯን ጠቅልላ አስራ፣ ኮረብታውን ሁለቴ እያረፈች ወጣች። አዳራሹ ደጃፍ ሲደርሱ ዩራኒ የዱቫንን እጅ ለእናቷ አስያዘቻትና በሩን ከውጭ ዘጋችው።

ሙዚቃው ጀመረ። በመስኮቱ ጥግ አጮልቃ አየች። እናቷ እጆቿን አንጠልጥላ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ዱቫን ግራ ቀኙን ፈለገ፤ ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው። ኔልሲ ልትወጣ ዞረች። ኦማይራ ትከሻዋን ይዛ የሆነ ነገር ስትላት ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ፊቷ ከልጁ ፊት ጋር ትይዩ ሆነ። ፈገግታ የሚባል ግን አልነበረበትም። ዱቫን ይበልጥ ጮኸ።

ዩራኒ የበሩን እጀታ ያዘች። ብትገባ ወዲያው ዝም እንደሚል፣ የእናቱን ፊት ማየትም እንደሚተው ታውቃለች።

እጀታውን ለቀቀችና ወደ ሰፈሩ የሚወስደውን ደረጃ መውረድ ጀመረች። ለቅሶው እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ይሰማል። ለቅሶው የማይደርስበት ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ እስኪወጡ ልትጠብቃቸው ተቀመጠች።