ሁለት ማንኪያ

አባትየው አልጋው ላይ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ ልጅቱ ማንኪያ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። የልብ መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ ሐኪሙም የገደለው ከልክ ያለፈ መድኃኒት ነው ብሏል። የእንጀራ እናቷ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር «በገዛ ልጁ እጅ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ልጅቱ አንድም ቀን አልተከራከረቻትም።

አሟሟቱን ልታጣራ የመጣችው መርማሪ ልጅቱን ስታናግር ዓይኗ ከሰው ይልቅ ዕቃ ላይ ይንከራተታል።

«ስንት ሰጠሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ሁለት ማንኪያ ልሙጥ። እንጃ… ሳልገድለው አልቀርም።»

«በራስሽ ለመፍረድ አትቸኩዪ። አዲስ ብልቃጥ ነበር?»

«አዎ፣ ወንድሜ ነው ገዝቶ ያመጣልኝ። ዱቄት ነበር። የድሮው ግን ቅርፊት ቅርፊት ነው።»

መድኃኒት ሻጩ ግን በልጆቹ ማለ። «እኔ የሸጥኩት ቅርፊቱን ነው፤ እስከ አንገቱ ሙሉ!»

አሁን ብልቃጡ ከግማሽ በታች ወርዷል። መርማሪዋ ሟቹ በባለሱቅነቱ ዘመን ይጠቀምበት የነበረውን ሚዛን ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራውን እፍ አለችና መዘነችው። ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ክብደት የጎደለው እፍኝ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ወንድምየው ማስታወቂያ ወደሚጽፍበት ክፍል ሄደች። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር በቀለም ተለውሷል። ቀለም የሚወቅጥበት ሙቀጫ ብቻ ጥርት ብሎ ታጥቧል።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አንድ ስኒ የተሰባበረ ብስኩት ሞልታ መዘነች። ቀጥሎ ብስኩት አድቅቃ ያንኑ ስኒ በዱቄቱ ሞላች። ሚዛኑ ዘጭ አለ።

«ቅርፊት መሃል ብዙ አየር አለ፤ ሲወቀጥ ይጠቀጠቃል። ማንኪያው ያው ማንኪያ ነው፣ መድኃኒቱ ግን እጥፍ ሆነ። ብልቃጡም የጎደለው ስለተወቀጠ እንጂ ስለተወሰደ አይደለም። ልጅቱ አልተሳሳተችም።»

«ታዲያ ማነው?» አለች የእንጀራ እናትየው።

«ሙቀጫውን አጥቦ መድኃኒቱን የወቀጠበት። ሊገድል ያሰበ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ቀለም ነካው አልነካው ብሎ አይጨነቅም። ለአባቱ የተጠነቀቀ ልጅ ነው።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጉሮሮዬን ይቧጥጠኛል ሲለኝ ጊዜ… እንዲቀለው ብዬ ነው። ከሞተ በኋላ ሲገባኝ፣ ፈራሁ።»

«መውቀጥህ ስህተት ነው» አለች መርማሪዋ። «ዝምታህ ግን ከስህተት ያለፈ ነው።»

ልጅቱ ዞራ አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም።

«ገዳይ ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ» አለችው። «እንባዬን የጠረግክልኝ አንተ ነህ።»

ወንድምየው ልምድ ሆኖበት መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት፤ እሷ ግን አልተቀበለችውም።